ኔሊዮንን በገመድ ለመውጣት ስድስት ወር ላላት የደሴ ልጅ፦ ክንድሽን ተይው፣ ገመዱን ልመጂ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ሰላም። ደሴ ነው የምኖረው። ከጓደኛዬ ጋር በጥር መጨረሻ የኬንያ ተራራን፣ ኔሊዮን የሚባለውን ጫፍ፣ ከአስጎብኚ ጋር በገመድ ልንወጣ ቀብድ ከፍለናል። ጦሳን በየሳምንቱ እወጣለሁ፣ አቡነ ዮሴፍም ጫፉ ድረስ ሄጃለሁ። ገመድ ግን ነክቼ አላውቅም። ጂም ገብቼ ክንዴንና ጣቴን ላጠንክር? ደገኛ ስለሆንኩ ከፍታው ብዙ የሚያስቸግረኝ አይመስለኝም። ጓደኛዬ ደግሞ ገደል ትንሽ ይፈራል። ስድስት ወር አለን፣ ከምን እንጀምር?»

አብሽሪ እህቴ። ስድስት ወር ይበቃል። ጂሙን ግን ለጊዜው ተይው፤ ብሩን ለሌላ ነገር ትፈልጊዋለሽ።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ኔሊዮን 5,188 ሜትር ነው፤ ጎረቤቱ ባቲያን 5,199 ነው፣ በ11 ሜትር ብቻ ይበልጠዋል። በጥር የሚወስዷችሁ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ነው የሚሆነው። በእነዚያ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፣ ስለዚህ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ድረስ ያ ጎን ይደርቃል፣ የሰሜኑ ጎን በረዶ ይይዛል። በእኛ ክረምት ነገሩ ይገለበጣል። ይህን ጫፍ መጀመሪያ የወጡት ኤሪክ ሺፕተንና ፐርሲ ዊን-ሃሪስ ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1929፣ ዛሬ ማንም አምኖ በማይታሰርበት ገመድ። የመንገዱ አስቸጋሪነት አሜሪካኖቹ ለአለት መውጣት በሚሰጡት ደረጃ 5.6 ገደማ ነው። ይህ ማለት አብዛኛው ቦታ እጅ የሚሞላ መያዣና እግር የሚያሳርፍ እርከን አለው፤ መሃል መሃሉ ላይ ግን ጀርባሽንና እግርሽን አጣብቀሽ የምትወጪበት ጠባብ ስንጥቅ፣ ከሥርሽ ባዶ የሆነ ቀጥ ያለ ግንብ ይገጥምሻል። ሁልጊዜ አስጎብኚው ቀድሞ ይወጣል፣ አንቺ ከላይ በተያዘ ገመድ ትከተያለሽ። ብትንሸራተቺ አብዛኛውን ጊዜ ገመዱ እዚያው ይይዝሻል። ስለዚህ ክንድ አንሶት ከኔሊዮን የሚመለስ ሰው ጥቂት ነው። ሰውን የሚመልሰው ሰዓት ነው።

ተራራው የምድር ወገብ ላይ ስላለ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ነው፤ ረጅም የበጋ ቀን የሚባል ነገር የለም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ግንባራችሁ ላይ ባትሪ አስራችሁ፣ 4,790 ሜትር ላይ ካለው፣ ኦስትሪያን ሃት ከሚባለው ማደሪያ ትነሳላችሁ፤ ከሉዊስ ግግር በረዶ የተረፈችውን ተሻግራችሁ ሲነጋ ከአለቱ ሥር ትደርሳላችሁ። ከቀትር በኋላ ደመናው ይሞላል፤ አንዳንዴ በረዶ ያራግፋል። ማታ 1 ሰዓት ገደማ ጨለማ ነው። በዚህ መሃል መውጣትም መውረድም አለ። መንገዱ ደግሞ በአንድ ትንፋሽ አይወጣም፣ በገመዱ ርዝመት እየተቆራረጠ ነው። እስቲ አስቢው፤ 15 ቦታ ላይ ብትቆሙና በእያንዳንዱ ማቆሚያ ገመድ ተወሳስቦባችሁ፣ ቋጠሮ ጠፍቶባችሁ፣ ጓንት ፍለጋ ቦርሳ ከፍታችሁ 10 ደቂቃ ብታባክኑ 150 ደቂቃ ሄደ። ሁለት ሰዓት ተኩል! ጡንቻ ይህን አይመልስልሽም። ይህን የሚመልሰው ደሴ ቤትሽ ውስጥ፣ ምሽት ላይ፣ ገመድ ይዘሽ የምትቀመጪበት ግማሽ ሰዓት ነው።

ከዚያ እንጀምር። ገበያ ውጪና አስር ሜትር ያህል የጣት ውፍረት ያለው ናይሎን ገመድ ግዢ። የጭነት ገመድ ይበቃል፤ ግን ለቋጠሮ መለማመጃ ብቻ ነው፣ ከመሬት አንድ ክንድ እንኳ ከፍ ብለሽ አትንጠለጠይበት። የመውጫ ገመድ ሲወድቁበት እንዲሳብ ተደርጎ የተሠራ ነው፣ ይሄ ግን አይሳብም፤ ወገብሽን ይሰብረዋል። በዚህ ገመድ ሦስት ነገር ትለምጃለሽ። የመጀመሪያው የስምንት ቁጥር ቋጠሮ ነው፣ ራስሽን ከገመዱ ጋር የምታስሪበት። አንዴ ስምንት ትሠሪያለሽ፣ ጫፉን በሃርነሱ (ወገብሽና ጭንሽ ላይ በምታስሪው የመውጫ ቀበቶ) ፊት ለፊት ባሉት በሁለቱም ቀለበቶች ታሳልፊያለሽ፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ገመድ እየተከተልሽ መልሰሽ ትሄጂበታለሽ። ሲያልቅ ሁሉም ቦታ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ፣ ሳይጠላለፍ ጎን ለጎን ተኝቶ መታየት አለበት፤ የተረፈው ጫፍ ከአንድ ስንዝር አይነስ። ሁለተኛው ክሎቭ ሂች ነው፣ ማቆሚያው ላይ ስትደርሺ ራስሽን ካራቢነር (የሚከፈትና የሚዘጋ የብረት ማያያዣ) ላይ ቶሎ የምትሰኪበትና ሳትፈቺው የምታስረዝሚው፣ የምታሳጥሪው። ሦስተኛው ፕሩሲክ ነው፤ ቀጭን የገመድ ቀለበት በወፍራሙ ላይ የሚጠመጠም፣ ሲጫኑት የሚነክስ፣ ሲለቁት የሚንሸራተት።

እነዚህን እያየሽ መሥራት ከቻልሽ በኋላ ዓይንሽን ጨፍነሽ ሥሪያቸው። ከዚያ ጓንት አድርገሽ። ከዚያ እጅሽን በረዶ ውሃ ውስጥ ነክረሽ፣ እስኪደነዝዝ ጠብቀሽ። እናትሽ ልጄ ምን ነካት ቢሉ ግድ የለም። ጠዋት አለቱ ገና ፀሐይ ሳያገኘው በውርጭ የደነዘዘ ጣት የሚያስታውሰው መቶ ጊዜ የሠራውን ብቻ ነው።

አሁን መውረድን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ስለ መውጣት ነው የሚጠይቀኝ። ከኔሊዮን የሚወረደው በገመድ ነው፣ አንዱን እርከን በሌላው እየተኩ፣ ለሰዓታት። ሰው ደክሟል፣ ጫፉን ስለነካ ልቡ ቤት ገብቷል፣ ደመና መጥቷል። ስህተት የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ቅደም ተከተሉ ሁሌ አንድ ነው፤ እርከኑ ላይ ስትደርሺ መጀመሪያ ራስሽን በራስሽ ማሰሪያ አንከሩ (ገመዱ አለቱ ላይ የሚታሰርበት ቦታ) ላይ ትሰኪያለሽ፣ ከዚያ ካራቢነሩን ትቆልፊና በጣትሽ ጫን ብለሽ አለመከፈቱን ታያለሽ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ መውረጃውን (በገመዱ ላይ ቀስ አድርጎ የሚያወርድሽን መሣሪያ) ትፈቻለሽ። እንደገና ለመውረድ ደግሞ ገመዱን መውረጃው ውስጥ ታስገቢያለሽ፣ ከሥሩ ፕሩሲኩን ትጠመጥሚያለሽ፣ ክብደትሽን ገመዱ ላይ ጥለሽ መያዙን ትሞክሪያለሽ፣ ከዚያ ነው ራስሽን ከአንከሩ የምትነቅዪው። በዚህ ሁሉ መሃል ከምንም ነገር ጋር ያልታሰርሽበት ሰከንድ መኖር የለበትም። የገመዱ ጫፎች ላይ ቋጠሮ መኖሩንም አስጎብኚውን ጠይቂው። ካልቋጠረ ለምን እንዳልቋጠረ ያስረዳሽ፤ ጫፉ ስንጥቅ ውስጥ እንዳይነክስበት ብሎ ሊሆን ይችላል፣ ያም ሆነ ይህ መልሱን ከአፉ ስሚው። ጥሩ አስጎብኚ በጥያቄ አይቆጣም። የሚቆጣ ከገጠመሽ አለት ላይ አብሮሽ የሚሆን ሰው አይደለም።

የእውነተኛ አለት ልምምዱስ? እዚህ ጋ ግልጽ ልሁን። ጦሳ ላይ ያለው ገደል ያጓጓሻል፣ አውቃለሁ። ተይው። የወሎ አለት አብዛኛው ባዛልት ነው፤ ከሩቅ ግንብ ይመስላል፣ ሲነኩት በክምር የቆመ ጡብ ነው፣ አንዱን ሲስቡ አምስቱ ይመጣል። ኔሊዮን ደግሞ የድሮ እሳተ ገሞራ ጉሮሮ ውስጥ የቀረ ሳይናይት የሚባል ጠንካራ ድንጋይ ነው፤ እሱም ላይ ግን የላላ ድንጋይ አይጠፋም። ጦሳ ላይ ልትለምጂ የምትችይው ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ከመሬት ከጉልበትሽ በማያልፍ ከፍታ፣ ከቋጥኝ ሥር ጎን ለጎን እየሄድሽ እግርሽን ማሳረፍ ነው፤ የጫማሽ አፍንጫ ድንጋዩን ሲነካ ድምፅ ካሰማ ድገሚው። ሁለተኛው ድንጋይ መፈተን ነው፤ ከመሳብሽ በፊት በመዳፍሽ ጠርዝ መታ አድርጊው፤ ባዶ እንስራ የሚመስል ድምፅ ከሰጠሽ አትመኚው። ተንጠልጥሎ መውጣቱን ኬንያ ላይ ትለምጂዋለሽ። ናይሮቢ ስትደርሱ ተራራው ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ሦስት ቀን ቀንሱና፣ ከከተማው ብዙ የማይርቀው የሉኬኒያ አለት ላይ፣ ወይም ናይቫሻ አካባቢ ሄልስ ጌት ውስጥ፣ እዚያው ተራራ ላይ ከሚወስዳችሁ አስጎብኚ ጋር ተለማመዱ። የጂሙን ብር ያልኩሽ ለዚህ ነው። ለሁለት ቀን የሚከፈለው ከሁሉም ዝግጅት የበለጠ ያዋጣል፣ አስጎብኚውም ያኔ ነው የሚያውቃችሁ።

እግር ላይ ብዙ አልመክርሽም፣ ጦሳን በየሳምንቱ የምትወጪ ሰው ነሽ። ሁለት ነገር ብቻ ጨምሪ። በሁለት ሳምንት አንዴ ከስምንት እስከ አስር ሰዓት የሚፈጅ ቀን ይኑርሽ፤ ጀርባሽ ላይ ስምንት ኪሎ ገደማ ይዘሽ፣ ሳትሮጪ፣ እያወራሽ መሄድ በምትችዪበት ፍጥነት። መውረዱንም እንደ ልምምድ ቁጠሪው፣ ጉልበት የሚያልቀው ቁልቁል ነው። አሁን ሐምሌ ነው፣ ጭቃና ጉም ነው፤ ደግ፣ ልብስሽን በዝናብ ሞክሪበት። መስከረም ላይ ሲጠራ ነገሩ ይቀልልሻል።

ከፍታው ላይ ግን አልስማማም። «ደገኛ ነኝ» የሚለውን አባባል ብዙ ሰው ተራራ ላይ ይዞት ይመጣል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ አየሩ ከባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህሉን ኦክስጅን ይሰጥሻል። ኔሊዮን ላይ ከግማሽ ትንሽ ይበልጣል። ደሴ መኖርሽ ከሞምባሳ ከሚመጣ ሰው ያስቀድምሻል፣ ይህ እውነት ነው፤ ግን 4,800 ላይ ተኝቶ 5,188 መውጣት ሌላ ነገር ነው፣ ሰውነትም ማን ደገኛ እንደሆነ አይጠይቅም። ኬንያ ተራራ ላይ ችግሩ የሚበዛው መኪና ከፍ ድረስ ስለሚያደርስና ሰው ቶሎ ቶሎ ስለሚወጣ ነው። በናሮ ሞሩ በኩል የመጀመሪያው ማደሪያ 3,050 ላይ ነው፣ ቀጣዩ ማኪንደርስ ካምፕ 4,200 ላይ፤ በአንድ ቀን ከ1,100 ሜትር በላይ። ሐኪሞች ከ3,000 በላይ የመኝታ ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር ብዙም አይለፍ ነው የሚሉት። ስለዚህ 4,200 ላይ ሁለት ሌሊት እደሩ፣ ከዚያ ሌናና ጫፍ ውጡ፤ 4,985 ሜትር ነው፣ ገመድ አይፈልግም። ውጡና ውረዱ፣ አንድ ቀን እረፉ፣ ከዚያ ኔሊዮን። ፕሮግራማችሁ ላይ ይህ ከሌለ አሁኑኑ ጻፉላቸውና ቀን አስጨምሩ። ከጉዞው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ደግሞ አቡነ ዮሴፍ ላይ ሁለት ሦስት ሌሊት ብታድሩ ያግዛል። ጅብራውና ጓሳው መሃል ድንኳን ተክላችሁ፤ ኬንያ ስትደርሱ የጅብራውን ዘመዶች ታያላችሁ። የገና እንግዳ ከላሊበላ ከወጣ በኋላ ሂዱ፣ አለዚያ አልጋም መኪናም አይገኝም። መንገዱ ሰላም መሆኑንም ከሰፈሩ ሰው አጣርታችሁ።

ምልክቶቹን ሁለታችሁም በቃላችሁ ያዙ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ምግብ አለመፈለግ፣ ድካም፤ ይህ ከመጣ እዚያው ይታደራል፣ ከፍ አይባልም። ቁጭ ብሎ ትንፋሽ ማጠር፣ አረፋ ያለው አክታ፣ ወይም ቀጥ ባለ መስመር ላይ ተረከዝን ከአውራ ጣት እያስነኩ መሄድ አለመቻል ከመጣ ግን ሌሊትም ቢሆን ይወረዳል፣ ነገ ጠዋት የሚባል ነገር የለም። ዲያሞክስ የሚባለውን ኪኒን ሐኪምሽን አማክሪ፤ ለመከላከል ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው 125 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ነው፣ ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ካለብሽ ንገሪው። ሽንት ያበዛል፣ ደግሞ ጣትሽን ይነዝርሻል፣ አትደንግጪ።

ስለ ሽንት ከተነሳ፤ ሴቶች ሃርነስ ለብሰው መጸዳዳት ያስቸግራል ብለው ውሃ ይቀንሳሉ። አታድርጊው። ሃርነሱ ከኋላ በኩል እግሮቹን ከወገቡ ጋር የሚያይዙት ላስቲኮች ይፈታሉ፣ ወገቡ ታስሮ ይቀራል። ቤትሽ ውስጥ በወፍራም ሱሪ ሞክሪው።

ቡና ትጠጫለሽ? የወሎ ልጅ ነሽ፣ ምን እጠይቃለሁ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ የለመደ ሰው ተራራ ላይ በድንገት ሲያቆም ራሱን ያመዋል፣ ከዚያ የቡና ይሁን የከፍታ ማንም አያውቅለትም። የተቆላና የተፈጨ ይዘሽ ሂጂ። ጫቱን ግን እዚህ ተዉት። ከተራራው ሥር ያለው ሜሩ የጫት አገር ነው፣ መንገድ ላይ ይሸጡላችኋል፤ እንቅልፍ የነሳው ሰው 4,790 ላይ ምን እንደሚሆን ማየት አልፈልግም። ከቤት በሶና ቆሎ ያዙ። ከፍታ ላይ የቸኮሌት ጣፋጭ ሲጠላ በሶ ይወርዳል። በጨው አሽታችሁ፣ በትንሽ በትንሹ፣ በየማቆሚያው አንድ ጉርሻ። ጾመኛ ከሆንሽ የነቢያት ጾም ልምምዱ በሚጠነክርበት ወር ላይ ይወድቃል፤ ምስሩን፣ ሽሮውን፣ ሱፉንና ተልባውን አብዢው፣ ረጅሙን ቀን ከምግብ በኋላ አድርጊው። ረመዳንም በእነዚህ ዓመታት ወደ ጥርና የካቲት እየገባ ስለሆነ ቀኑን አስቀድማችሁ እዩ፤ አለት ላይ ተጹሞ አይዋልም፣ ለመንገደኛ ደግሞ ፈቃድ አለው።

ልብስ ሰልባጅ ተራ ሞልቷል። ፍሊስ፣ የላባ ጃኬት፣ የሱፍ ካልሲ፣ ሁለት ጥንድ ጓንት። ጃኬቱን ስትገዢ ላባው ከታች አለመቋጠሩን በእጅሽ እየዳበስሽ እዪ። ገመድ፣ ሃርነስ፣ ሄልሜትና ካራቢነር ግን ሰልባጅ ላይ ብታዪ፣ ለቡና ዋጋ ቢሰጡሽ፣ እለፊው፤ ማን እንደወደቀበት፣ ባትሪ አሲድ እንደፈሰሰበት አታውቂም። እነዚህን ከአስጎብኚው ትከራያላችሁ። ጫማ ብቻ የራሳችሁ ይሁን፤ ቀኑን ሙሉ ስለሚለበስ በወፍራም ካልሲ ጣት የማያጣጥፍ።

አስጎብኚውን አሁኑኑ በጽሑፍ ጠይቁት። የእግር ጉዞ መሪ ነው ወይስ አለት ላይ በገመድ የሚመራ? ኬንያ ውስጥ ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፣ ፈቃዱ ለሁለቱም እንደሚሠራ አድርጎ የሚነግርሽ አይጠፋም። ኔሊዮንን በራሱ ቀድሞ መርቷል? አንድ አስጎብኚ ሁለታችሁንም ይወስዳል ወይስ ለየብቻ? እንደኔ ለሁለት ሰው ሁለት አስጎብኚ ይሻላል፤ ዋጋው ይጨምራል፣ ሰዓቱ ግን ይቀንሳል፣ አንዳችሁ ብትደክሙም ሌላው አይመለስም። ስንት ሰዓት ላይ፣ የትም ብትደርሱ፣ መመለስ እንዳለባችሁ አስቀድሞ ይንገራችሁ። ሰዓት ሲነግራችሁም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አረጋግጡ፤ ኬንያዎች በስዋሂሊ ሲናገሩ እንደኛው ከንጋት ነው የሚቆጥሩት፣ በእንግሊዝኛ ሲሆን ግን በፈረንጅ ነው። «አራት ሰዓት ተነሱ» ሲል በፈረንጅኛው ከሆነ ከሌሊቱ አስር ሰዓት ማለቱ ነው።

ወደ ጓደኛሽ ልምጣ። ገደል ትንሽ መፍራት በሽታ አይደለም፣ እንዲያውም ቋጠሮውን ሁለቴ የሚያይ እሱ ነው። የሚለየው አለት ላይ ሲቆም እጁ ይሠራል ወይስ ይደርቃል የሚለው ነው፣ ይህን ደግሞ ጦሳ ላይ አታዩትም፤ ሉኬኒያ ላይ በገመድ አንድ ሙሉ ቀን ወጥቶ ሲወርድ ይታያል። በተለይ ሲወርድ፤ ወደ ኋላ ተደግፎ ክብደቱን ገመዱ ላይ ሲጥል። ቀኑ ማብቂያ ላይ በራሱ ጊዜ እየወረደ ከሆነ ይሂድ። እጁ ገመዱን ጨብጦ አልለቅ ካለ ግን አትጎትቺው፣ አታሳፍሪውም። ሌናና አለለት፤ ከአንቺ በ203 ሜትር ብቻ ዝቅ ብሎ ይቆማል፣ ሰማዩ ከጠራ ሩቁን አቅርቦ በሚያሳይ መነፅር አንቺን ያያል። ይህ ሊሆን እንደሚችል ለአስጎብኚው አሁኑኑ ጻፉለት፤ ለእሱ ሌላ የእግር ጉዞ መሪ ማዘጋጀት አለበት፣ በመጨረሻው ሌሊት የሚፈለግ ሰው አይደለም።